የቀራንዮ ደመራና የቫሌንሲያ እሳት

በኅዳር 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰብስቦ የነበረው የዩኔስኮ ጉባኤ፣ በስፔን በቫሌንሲያ ከተማ የሚከበረውን ፋያስ የተባለውን በዓል በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ የእኛ የመስቀል በዓል ከሦስት ዓመት አስቀድሞ፣ በ2006 ዓ.ም. በባኩ ከተማ ይህንኑ ክብር አግኝቶ ነበር። ሁለቱም ሊያቃጥሉት የሚሠሩትን ሥራ በብዙ ድካም ያቆማሉና፣ ማነጻጸር ነውር አይሆንም።

ቫሌንሲያውያን በየሠፈሩ ማኅበር አቁመው ዓመቱን ሙሉ መዋጮ ያጠራቅማሉ፤ ጠቢባኑም ከእንጨትና ከወረቀት፣ ኋላም ጢሱ ጥቁር ከሆነው ሰው ሠራሽ አረፋ፣ በሹመኛውና በባለጸጋው ላይ የሚዘብት ግዙፍ ምስል ያቆማሉ። በምዕራባውያን ዘንድ የቅዱስ ዮሴፍ በዓል በሚውልበት በመጋቢት 10 ሌሊትም ያ ሁሉ ጥበብ አመድ ይሆናል። ከ1926 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሕዝቡ የመረጠው አንድ ምስል ምሕረት ተደርጎለት ከእሳት ይድናል።

በአዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ መስከረም 16 ቀን ሲመሽ የሚነደው የደመራ እሳት ግን በሰው ላይ የሚፈርድ አይደለም። በንግሥት እሌኒ ዘመን የዕጣኑ ጢስ ወደ ሰማይ ወጥቶ ሲመለስ መስቀሉ የተቀበረበትን ስፍራ አመለከተ ብሎ ትውፊታችን ስለሚነግረን፣ ምእመናን ችቦአቸውን ከምሰሶው ላይ ደግፈው፣ ጫፉን በመስቀልና በአደይ አበባ አስጊጠው፣ ካህናቱም ጸሎቱን አድርሰው፣ መዘምራኑም እያሸበሸቡ ዙሪያውን ከዞሩት በኋላ ይለኩሱታል። ሽማግሌዎች ምሰሶው ወደየት እንደ ወደቀ አይተው የዓመቱን ነገር ይተነብያሉ፤ በማግሥቱም ምእመኑ በአመዱ ግንባሩ ላይ የመስቀል ምልክት ያደርጋል። ተግሣጽና ዘለፋ በእኛ አገር የቅኔና የሰም ለበስ ንግግር ድርሻ ስለሆኑ፣ የሰው ምስል ሠርቶ ማቃጠል ለአበው አላስፈለጋቸውም፤ እኔም በዚህ አልቀናም።

የሚያስቀናኝ ሌላ ነው። እዚያ በዓሉ የሚቆመው በየሠፈሩ ማኅበር ትከሻ ሲሆን፣ እኛ ግን ዓይናችንን ሁሉ በመስቀል አደባባዩ ታላቅ ደመራ ላይ ተክለን፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ቆሞ የሚያነደውን የሠፈሩን ደመራ እንደ ተራ የልጆች ጨዋታ እናየዋለን። የበዓሉ የልደት ስፍራ አደባባዩ አይደለምና፣ ሜዳው ሁሉ በቤትና በመንገድ ሳያልቅ፣ የክፍለ ከተማው ሹማምንትና የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ተመካክረው ለእያንዳንዱ ሠፈር ደመራ የሚሆን ባዶ ስፍራ በካርታ ላይ ከልለው እንዲያስቀምጡለት እንለምናለን።