የፀሐይ ጉዳትን የሚጠግነው ኢንዛይም፦ "ምች ነው" ብላችሁ አትለፉት!



አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ (ዝዋይ) ያላችሁ፣ የፀሐዩን ነገር እኔ አልነግራችሁም። አዳማ ከባህር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ጨረሩ ምን ያደርጋል? በቆዳ ሴሎቻችን ዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን ያሉ "ፊደላትን" እርስ በርስ ያጣብቃል። ካልተጠገነ ሴሉ ሲባዛ ስህተት ይፈጠራል፤ ስህተቱ ሲጠራቀም የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።

ደግነቱ ሰውነታችን ራሱን ይጠግናል፦
1. ጠባቂ ፕሮቲኖች የተጎዳውን ቦታ ያገኛሉ።
2. 30 ገደማ ፊደላት ያሉት ቁራጭ ተቆርጦ ይወጣል።
3. ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ ትይዩ ያለውን ጤነኛ ክር እያየ ክፍተቱን ይሞላል።
4. ላይጌዝ የተባለው ኢንዛይም ጫፉን ይገጥማል።

ታዲያ ይህ ጥገና ከልደት ጀምሮ የማይሠራላቸው ልጆች አሉ። በሽታው ዜሮደርማ ፒግሜንቶሰም ይባላል። በአንዱ ዓይነቱ የጎደለው ፖሊመሬዝ ኢታ ነው፤ ሥራው ሴሉ ሲባዛ የተጣበቁትን ፊደላት ሳይሳሳት ማለፍ ነው። በሽታው ብዙ ጊዜ ሳይታመሙ ዘረ መሉን ከያዙ ሁለት ወላጆች ይወረሳል፤ በዘመዳሞች ጋብቻ ዕድሉ ይጨምራል። ብርቅ በሽታ ነው፤ ግን ካልተጠነቀቁ በልጅነት ካንሰር ያመጣል።

ልጃችሁ ላይ እነዚህን ካያችሁ፦
✔ ትንሽ ፀሐይ ነክቶት የሚቀላና የሚቆስል ከሆነ
✔ 2 ዓመት ሳይሞላው ፊቱ ላይ ጠቃጠቆ ከበዛ
✔ ብርሃን ዓይኑን ካስቸገረው
"ምች መታው" ብላችሁ ዳማከሴ እያሻችሁ ጊዜ አታጥፉ። ቶሎ ለቆዳ ሐኪም አሳዩት። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ይታወቃል።

አልቢኒዝም ያለባቸውስ? ጥገናው ይሠራላቸዋል፤ ግን ጨረሩን የሚከላከለው ሜላኒን ስለሚያንሳቸው ጉዳቱ ከጥገናው በላይ ይሆናል። ለእነሱም ጥንቃቄው ያው ነው፦
✔ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ ሥር መሆን
✔ እጅጌ ረጅም ልብስ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ
✔ ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት
✔ በ4 ሳምንት ያልዳነ ቁስል ካለ መመርመር

ልጅ ላላቸው ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉ።