ሂፕኖቲዝም ከትርዒት መድረክ ወደ ሐኪም ቤት እንዴት ገባ?

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ሰው ትኩር ብሎ አይቶህ «ተኛ!» ቢልህና ዓይንህ ቢከደን ምን ትላለህ? «አፍዝ አደንግዝ ነው» ብለህ ትሸሻለህን? ወይስ «ማታለል ነው» ብለህ ትስቃለህ? ሰሞኑን አንድ ተማሪዬ ይህንኑ ቢጠይቀኝ፥ ሳይሸሽም ሳይስቅም የመረመረውን የጄምስ ብሬይድን ታሪክ አጫወትሁት። ዘመኑን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ልንገርህ።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፍራንዝ መስመር የተባለ ሐኪም «በማይታይ የማግኔት ኀይል እፈውሳለሁ» እያለ ፓሪስን አስደነቀ። በ1784 ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ላቮአዚዬ ያሉበት፥ በንጉሡ ትእዛዝ የተቋቋመ ጉባኤ መርምሮ፥ ይህ ኀይል የለም፤ የሚሠራው የሕመምተኛው የገዛ ሐሳቡ ነው ሲል ፈረደ። ከዚህ በኋላ ብዙ ሐኪሞች ነገሩን ሲንቁት፥ ትርዒት አሳዪዎች በየከተማው ይነግዱበት ጀመር።

በስኮትላንድ በ1795 የተወለደው ብሬይድ በማንቸስተር የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። በኅዳር ወር 1841 ሻርል ላፎንቴን የተባለ ሰው ትርዒት ሲያሳይ፥ ማታለያውን ለመያዝ ብሎ ሄደ። ነገር ግን የተኛው ሰው የዓይኑን ቆብ መግለጥ እንደ ተሳነው ባየ ጊዜ፥ ምክንያቱን ለማወቅ ቈረጠ። ከዚያም ወዳጁ የወይን ጠጅ ጠርሙስ አንገት፥ ሚስቱም የስኳር ማኖሪያ ጌጥ ትኩር ብለው እንዲመለከቱ አደረገ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሁለቱም ዓይን ተከደነ! ጠርሙስ ምን ማግኔት አለው? እንግዲህ ምሥጢሩ ያለው ከአስተኚው ሳይሆን ከተኚው ዘንድ ነው፤ ይኸውም ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ ከመሰብሰብ የመጣ ነው።

ይህን መናገር ግን ቀላል አልሆነለትም። በ1842 አንድ የሊቨርፑል ካህን ነገሩ የሰይጣን ሥራ ነው ብሎ ሰበከ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር በማንቸስተር ሲሰበሰብ ጽሑፉን አልቀበልም አለው። ብሬይድ ለካህኑ በጽሑፍ መለሰ፤ ለሊቃውንቱም ሌላ ስብሰባ ጠርቶ ሙከራውን በፊታቸው አሳየ። በ1843 ባወጣው መጽሐፍ፥ በግሪክ እንቅልፍ ማለት ከሆነው «ሂፕኖስ» የመጣውን ስም አስፋፋ። ኋላም ነገሩ እውነተኛ እንቅልፍ አለመሆኑን ሲረዳ ስሙን ሊለውጥ ሞከረ፤ ነገር ግን የፊተኛው ጸንቶ ቀረ።

ብሬይድ በ1860 ሞተ። የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር በ1955፥ የአሜሪካውም በ1958 ሂፕኖቲዝም በሠለጠነ ሰው እጅ ለሕክምና እንደሚረዳ ተቀበሉ። ዛሬም አንዳንድ ሐኪሞች ሥቃይንና ጭንቀትን ለማስታገስ ይሠሩበታል፤ ለሁሉ በሽታ መድኀኒት ግን አይደለም።

እንግዲህ ልብ በል፤ «ኀይሉ የእኔ ነው» ያሉት በመድረክ ላይ ቀሩ፤ «ኀይሉ የእኔ አይደለም» ያለው ግን ሙያውን አስከበረ። አንተም በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት እንግዳ ነገር ቢገጥምህ፥ ለመሳቅም ለመሸሽም አትቸኩል። ቤትህ ግባና በጠርሙስ አንገት ሞክረው።