ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ የሚነሡ ቫይረሶች

የደም ነቀርሳ ለያዘው በሽተኛ የሌላ ሰው የአጥንት መቅኔ ሲሰጠው፥ አስቀድሞ የራሱ መቅኔ በኃይለኛ መድኃኒት ወይም በጨረር ይደመሰሳል። ለዚህ ሕክምና መሠረት የጣሉት አሜሪካዊው ዶክተር ዶናል ቶማስ በ1990 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይሁን እንጂ አዲሱ መቅኔ ሥር ሰድዶ እስኪጠነክር ድረስ ሰውነት ያለ ዘበኛ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከዚህ የሚመጣውን አደጋ ነው።

ከቫይረሶቹ ብዙዎቹ ከውጭ የሚገቡ ሳይሆኑ፥ በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቀው የኖሩ ናቸው። አነሣሣቸውም ተራ አለው። በመጀመሪያው ወር ከንፈር ላይ ምች የሚያወጣው ሄርፐስ ይቀድማል። ከዚያ እስከ 100ኛው ቀን ገደማ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ሳንባንና አንጀትን ያሠጋል። በመጨረሻም አልማዝ ባለጭራ ይከተላል። ለፊተኛውና ለኋለኛው አሲክሎቪር በመከላከያነት ይሰጣል።

አስቸጋሪው መካከለኛው ነው። ጋንሲክሎቪር ቫይረሱን ቢገታም መቅኔን ያዳክማል፤ ሳንባው እስኪታመም ቢጠበቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይደረስበትም። ስለዚህ ሐኪሞች ደሙን በየሳምንቱ እየመረመሩ፥ ቫይረሱ እንደ ታየ ሕመሙ ሳይጀምር መድኃኒቱን ይሰጣሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ሌተርሞቪር ግን መቅኔን እንደዚያ ስለማያዳክም አስቀድሞ ይሰጣል።

እንግዲህ መቅኔው በያዘ ቀን ሕክምናው አያበቃም። ይህን የደም ምርመራ ሳያቋርጥ የሚሠራ ላቦራቶሪ ከሌለ ንቅለ ተከላውን መጀመር በሽተኛውን ለሌላ ሞት አሳልፎ መስጠት ነው እንላለን።