ከወደቀ አይሮፕላን የተወሰደ ብረት ምስክርነት

ጦርነት ባለፈ ጊዜ ወታደር ወደ ቤቱ ሲመለስ ለልጆቹ የሚያሳየው አንዳች ነገር ይዞ መምጣቱ የቈየ ልማድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ብዙ የእንግሊዝና የአሜሪካ ወታደሮች፥ ከወደቁት የጀርመን አይሮፕላኖች ላይ የመለኪያ መሣሪያ፥ ቍጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ወይም የክንፍ ቍራጭ እየፈቱ ለመታሰቢያ ወስደዋል። ባለቤቱ ዕድሜውን ጨርሶ ሲሞት ግን ዕቃው ከሣጥን ውስጥ ይገኛል፤ ታሪኩ ከባለቤቱ ጋራ ተቀብሯል። ልጆቹም «ይህ ምንድር ነው? ከየትስ መጣ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

የብራና መጽሐፍን ዘመን ለማወቅ የሚፈልግ ሊቅ፥ ጸሐፊው ስሙንና በዘመኑ የነገሠውን ንጉሥ ያስታወሰበትን ስፍራ አስቀድሞ ይፈልጋል። የአይሮፕላን ብረትም እንዲሁ የራሱ ጽሕፈት አለው። በ1925 ዓ.ም. የተቋቋመው የጀርመን የአየር ሚኒስቴር ለአይሮፕላን አካል 8፥ ለሞተር 9 ቍጥርን መነሻ አድርጎ ነበርና፥ 8-109 ቢል ሜሰርሽሚት 109፥ 8-190 ቢል ፎከ ቩልፍ 190፥ 9-605 ቢል ዳይምለር ቤንዝ 605 የተባለው ሞተር መሆኑ ይታወቃል። በመለኪያ መሣሪያዎች ላይ «ኤፍ ኤል»፥ በራዲዮ ዕቃዎች ላይ «ኤል ኤን» የሚሉ ፊደሎች ከቍጥሩ በፊት ይጻፉ ነበር። በጦርነቱም ጊዜ ዕቃው የተሠራበትን ስፍራ ጠላት እንዳያውቀው፥ በፋብሪካው ስም ፈንታ ሦስት ፊደሎችን ማተም ተለመደ።

ነገር ግን ቍጥር ሁሉ እኩል ምስክር አይደለም። አንዱ መለኪያ በብዙ ዓይነት አይሮፕላን ላይ ይገጠም ነበር። በክንፍ ቍራጭ ላይ የሚገኝ 109 የሚል ጽሕፈትም ዓይነቱን እንጂ የወደቀውን አንዱን አይሮፕላን አያስታውቅም። አንዱን ከሌላው የሚለየው በተለይ ፋብሪካው ለእያንዳንዱ የሰጠው የሥራ ቍጥር ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ነገር አለ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ ከአምስት ቀን በኋላ፥ ማለት ግንቦት 2 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ የሂትለር ምክትል የነበረው ሩዶልፍ ሄስ ብቻውን በሜሰርሽሚት 110 ከአውግስቡርግ ተነሥቶ ወደ ስኮትላንድ በረረ። እርሱ በግላስጎው አጠገብ በኢግልሻም በፓራሹት ወረደ፤ አይሮፕላኑም ወድቆ ተሰባበረ። እንግዲህ አንድ ሰው 110 የሚል ብረት ይዞ «ይህ ከሄስ አይሮፕላን የመጣ ነው» ቢል፥ ብረቱ የሚመሰክርለት ለዓይነቱ ብቻ ነው፤ በዚያ ስም የተሠሩት በሺህ የሚቈጠሩ ናቸውና።

ይህ ምርመራ ለጨዋታ ብቻ የሚደረግ አይምሰል። የጀርመን አየር ኃይል የጠፉበትን አይሮፕላኖች ከሥራ ቍጥራቸውና ከሰዎቻቸው ስም ጋራ በመዝገብ ይጽፍ ነበር። ስለዚህ በአንድ ሰሌዳ ላይ የተገኘ ቍጥር ከመዝገቡ ጋራ ሲመሳከር፥ ስሙ ሳይታወቅ የተቀበረ ወይም ደብዛው የጠፋ ሰው ማንነቱ ሊታወቅ ይችላል። ያን ሰሌዳ ነቅሎ ወደ ኪሱ የከተተ ወታደር፥ ሳያውቀው የሟቹን ስም ይዞ ሄዷል ማለት ነው። ሟቹ ጠላትም ቢሆን ደጅ ደጁን የምታይ እናት ነበረችው። የእንግሊዝ መንግሥት የወደቁ የጦር አይሮፕላኖችን ስብርባሪ ያለ ፈቃድ መንካትንና መቈፈርን በ1978 ዓ.ም. በሕግ የከለከለውም በውስጡ የሰው ዐፅም ሊኖር ስለሚችል ጭምር ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ የደረሰው ሰው ብረቱን እንዲያብረቀርቅ ብሎ አይፋቀው፤ የፋብሪካው ቀለምና የመርማሪው ማኅተም ከዝገቱ ጋራ አብረው ይጠፋሉና። በጨለማ እንዲያበራ ራዲየም የተቀባ መሣሪያ ከሆነም መስተዋቱን አይክፈት፤ ብርሃኑ ቢጠፋም የራዲየሙ ኃይል በግማሽ እስኪቀንስ 1600 ዓመት ያህል ይፈጃልና ለጤና አደገኛ ነው። ቍጥሩን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ይገልብጥ። አባቱ የነገረውንም የአባቱ ቃል ነው ብሎ ለብቻው ይጻፍ፤ ብረቱ የሚናገረውንም እንዲሁ ለብቻው። ሁለቱ ቢስማሙ ምስክርነቱ ይጸናል፤ ባይስማሙም አባትን ሐሰተኛ ሳያሰኙ እውነቱን ለመርማሪ መተው ይገባል። ሰሌዳው ትንሽ ነው፤ የያዘው ስም ግን የአንድ ሰው ስም ሊሆን ይችላል።