አሮጌ ቮልስዋገንን በቤት ውስጥ የማደስ ፍቅርና ፈተና

በግቢ ጥግ በሸራ ተሸፍኖ ለዓመታት የቆመን አውቶሞቢል ዳግም ወደ ጎዳና የመመለስ ፍላጎት የብዙዎችን ልብ ይማርካል። ይሁንና ሥራው ከፍቅር ባሻገር ትዕግሥት፣ የሙያ ዕውቀትና የተጠና ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ በጉጉት ተጀምሮ በመንገድ የሚቀርበት አጋጣሚ አለ። በተለምዶ «ቮልስ» እየተባለ የሚጠራው ቮልስዋገን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

በፈርዲናንድ ፖርሽ ለተነደፈው ለዚህ አውቶሞቢል ማምረቻ የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1938 ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 የምርቱ ብዛት ከ15 ሚሊዮን በልጦ የፎርድ ሞዴል ቲን ክብረ ወሰን ሰብሯል። የመጨረሻው ቮልስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ውስጥ በምትገኘው የፑዌብላ ከተማ እስከተመረተበት ጊዜ ድረስ አጠቃላይ ብዛቱ ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። በኢትዮጵያም ከታሪክ ጋር የተቆራኘ ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከሥልጣን የወረዱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ አነስተኛ አውቶሞቢል ነበር።

ቮልስ ለቤት ውስጥ ጥገና የሚመረጠው አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ነው። ከኋላ የተቀመጠው ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር የለውም፤ ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙትም አራት ዋና ብሎኖች ብቻ ናቸው። ሆኖም መፍታት ቀላል የሆነውን ያህል መግጠም ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ ዕቃ ሲፈታ ፎቶግራፍ ካልተነሣና በየዓይነቱ ተለይቶ ካልተቀመጠ ከወራት በኋላ የትኛው ብሎን የየት እንደሆነ ማወቅ ያዳግታል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ከፍተኛውን ተስፋ መቁረጥ የሚያስከትለው ዝገት ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር የሚቀመጥ በመሆኑ የሚያፈስሰው አሲድ የወለሉን ላሜራ ይበላል። በበሮቹ ሥር የሚያልፉት ክፍት ቱቦ መሰል ክፍሎችም ከውስጥ ስለሚዝጉ ጉዳታቸው ከውጭ አይታይም። የዛገውን በስቱኮ ሸፍኖ ቀለም መቀባት ጉዳቱን ከመደበቅ በስተቀር ጥንካሬ አይመልስም። አካሉ በብረት ሳይደገፍ የዛገው ክፍል ተቆርጦ ከወጣም ቅርጹ ይዛባል፤ በሮቹም ቀድሞ እንደነበረው አይዘጉም።

ሞተሩን በሚመለከት ቅድሚያ የሚሰጠው ለማቀዝቀዣው ሥርዓት ነው። በዙሪያው ያሉት ላሜራዎችና የጎማ መዝጊያዎች «ትርፍ» መስለው ከተጣሉ የሞቀው አየር ተመልሶ ስለሚገባ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ደግሞ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል። ውጤቱም ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላና የነዳጅ ብክነት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የሰው ሕይወት ይቀድማል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ለረጅም ጊዜ በቆመ መኪና ላይ የፍሬን ክፍሎች ከውስጥ ይዝጋሉ። ያረጁ የቤንዚን ጎማዎች ተሰንጥቀው በጋለ ሞተር ላይ ሲያፈስሱ እሳት ያስነሣሉ፤ የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ያለበት በመሆኑ እሳቱ ከያዘው ለማጥፋት አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም ፍሬኑና የነዳጅ መስመሩ ከቀለሙና ከወንበር ልብሱ በፊት ሊታደሱ ይገባል። በክሪክ ብቻ ከተደገፈ መኪና ሥር መግባትም ፈጽሞ አይመከርም።

ሌላው ፈተና የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚደረገው ፍለጋ አንዳንዴ ቀናትን የሚወስድ ሲሆን፣ የተገኘው ዕቃ ከዓመተ ምርቱ ጋር ላይጣጣም ይችላል። ለምሳሌ የቀድሞዎቹ ቮልሶች በ6 ቮልት፣ ከ1960ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት ማብቂያ ወዲህ ያሉት ደግሞ በአብዛኛው በ12 ቮልት የሚሠሩ በመሆናቸው አምፖላቸውም ሆነ ሞተር ማስነሻቸው ይለያያል። የሻንሲና የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ የሚሰፍር እንደመሆኑም ሌላ ሞተር ከመግዛት በፊት ሰነዱን ማመሳከር ተገቢ ነው። አለበለዚያ የታደሰው መኪና በዓመታዊ ምርመራ ላይ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል።

በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ባለንብረት የሚበጀው መኪናውን ሙሉ በሙሉ ከመበታተን ይልቅ ሥራውን በምዕራፍ ከፋፍሎ ማከናወን ነው። አንዱ ምዕራፍ ሳይጠናቀቅ ሌላው ካልተጀመረ ወጪውም ድካሙም በቁጥጥር ሥር ይሆናል። የቤተሰቡ አስቤዛና የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ከመለዋወጫ ግዥ ጋር እንዳይጋጭም አስቀድሞ ከቤተሰብ ጋር መመካከር ያስፈልጋል።

በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አድርጓል። በመሆኑም በአገር ውስጥ የሚገኙት አሮጌ ቮልሶች ቢጠፉ የሚተካቸው አይኖርም። በጥንቃቄ የሚታደስ አንድ መኪና የአንድ ትውልድን የመካኒክነት ጥበብ ለተከታዩ የሚያስተላልፍ ቅርስ ሲሆን፣ በችኮላ የተበታተነው ግን በየላስቲኩ ተቋጥሮ የሚቀር ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል።