መሣሪያ የመያዝ ፈቃድና ራስን የመከላከል መብት

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ነገር ሲነሣ ሁለት ጥያቄዎች ይምታታሉ። አንደኛው መሣሪያ መያዝ የሚፈቀደው ለማን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ጥቃት የደረሰበት ሰው ራሱን ለማዳን እስከ ምን ድረስ ቢሄድ አይቀጣም የሚለው ነው። የመጀመሪያው መልስ በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ውስጥ ይገኛል፤ የሁለተኛው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 እና 79 ላይ ሰፍሯል። የመሣሪያ ፈቃድ የመተኮስ ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ የሌለውም ሰው ነፍሱን ከማዳን አልተከለከለም፤ ባልተመዘገበ ሽጉጥ ራሱን ያዳነ ሰው በግድያ ወይም በማቁሰል ባይጠየቅ እንኳ ሽጉጡን በመያዙ ይጠየቃል።

መሣሪያን የሚመለከት ሕግ የማውጣት ሥልጣን የፌዴራል መንግሥት ነው። በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 20 የጦር መሣሪያ ስለመያዝ የሚወጣውን ሕግ ለፌዴራሉ ሰጥቷል። ክልሎች በአንቀጽ 52 የራሳቸውን ፖሊስ ያደራጃሉ፤ የራሳቸውን የመሣሪያ ሕግ ግን አያወጡም። የወንጀል ሕጉም በመሠረቱ የፌዴራል ነው። ስለዚህ ከሞያሌ እስከ መተማ የሚሠራው ሕግ አንድ ነው። በአሜሪካ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ አብዛኛውን ደንብ የሚያወጡት ግዛቶቹ ናቸው። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይህን በየዕለቱ ያዩታል፦ በቨርጂኒያ የተሰጠ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ወንዙን ተሻግሮ ዲሲ ወይም ሜሪላንድ ሲገባ አይሠራም። ወልቂጤ ላይ የተፈቀደ አዲስ አበባ ላይ በሌላ ሕግ የሚከለከልበት እንዲህ ያለ ሥርዓት በኢትዮጵያ የለም። የሕጉ አንድነት ግን የኑሮውን ልዩነት አላስቀረም። በገጠር አማራ ጠብመንጃ የቤት ክብርና የአባት ውርስ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው መሣሪያ የሚያየው በባንክ ደጃፍ በቆመ ጥበቃ ትከሻ ላይ ብቻ ነው።

በቤት መሣሪያ የመያዝ ልማድ ረጅም ታሪክ አለው። በዐድዋ ዘመን የነበረው ገበሬ ስናድሩን፣ ውጅግራውንና ምንሽሩን ይዞ የዘመተው በራሱ ስንቅ ነው። መሣሪያ ያለው ሰው አገሩንም ርስቱንም ይጠብቃል ተብሎ ይታመን ነበር። የውጭ መንግሥታት ደግሞ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ አብዝተው ይጥሩ ነበር። አገሪቱ በ1916 ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ በመሣሪያ ዝውውር ላይ ግዴታ ተቀበለች፤ በ1922ም ከብሪታንያ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር የመሣሪያ አገባብን የሚወስን ውል ተፈራረመች። ብዙ ሳይቆይ ከፈራሚዎቹ አንዷ ኢጣሊያ ወረረቻት። መሣሪያ አስረክቡ የሚል ትእዛዝ በኢትዮጵያ ጆሮ ላይ ዛሬም በጥርጣሬ የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ጥርጣሬውን እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ ማየት ታሪኩን አለማየት ነው።

  

አዋጅ 1177 የወጣው በችግር ሰዓት ነው። ከ2010 ጀምሮ በተለይ የቱርክ ሥሪት ሽጉጦች በጭነት መኪናና በነዳጅ ቦቴ ውስጥ እየተሸሸጉ ሲገቡ በተደጋጋሚ ተይዘዋል። ሰኔ 16 ቀን 2010 በመስቀል አደባባይ በሕዝብ ሰልፍ ላይ ቦምብ ተወረወረ። ሰኔ 15 ቀን 2011 በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ከፍተኛ ባለሥልጣናትና የጦር አዛዦች ተገደሉ። እስከዚያ ድረስ መሣሪያን የሚመለከቱት ደንቦች በወንጀል ሕጉና በቆዩ ድንጋጌዎች ተበታትነው ነበር። አዲሱ አዋጅ ሰበሰባቸው፤ ተቆጣጣሪ ተቋሙን ፌዴራል ፖሊስ አደረገ፤ ያለ ፈቃድ ማስገባትን፣ መሸጥንና ማዘዋወርን ከለከለ። በልማድ መሣሪያ የሚያዝባቸው አካባቢዎች እንዳሉም አምኖ፣ በዚያ ያለው ባለመሣሪያ በምዝገባ ወደ ሕጉ እንዲገባ መንገድ ከፈተ።

ምዝገባ የሚቆመው በእምነት ላይ ነው። ዛሬ ስሙንና የመሣሪያውን ቁጥር ያስመዘገበ ሰው ነገ ያው መዝገብ መንጠቂያ እንደማይሆን ማመን አለበት። ያለፉት ዓመታት ይህን እምነት ክፉኛ ፈትነውታል። ጥቅምት 23 ቀን 2014 አገር አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ቀን የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ ነዋሪዎች መሣሪያቸውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡና አካባቢያቸውን ለመጠበቅ እንዲዘጋጁ ጠየቀ። በሰላሙ ጊዜ እንደ ስጋት ይታይ የነበረ የቤት ሽጉጥ በአንድ ቀን የሰፈር መከላከያ ሆነ። ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015፣ በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ደግሞ በትግራይ ትጥቅ መፍታትን አነሣ። በመጋቢት 2015 መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን በአማራ ክልል ተቃውሞ ተነሣ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አንድ ገበሬ በአንድ ዓመት ታጠቅ፣ በሌላው ፍታ ሲባል ክላሹን ከመመዝገብ ይልቅ መቅበር ቢመርጥ አያስገርምም። ይህ የአዋጅ 1177 ጽሑፍ ጉድለት አይደለም፤ ጉድለቱ ያለው በአፈጻጸሙ መለዋወጥ ላይ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉትም በመካከል ያሉት ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ራስን የመከላከል ነገር፣ ከመሣሪያ አዋጁ ያነሰ ይወራል፤ ለተራው ሰው ግን የበለጠ ቅርብ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 74 ላይ ሦስት ነገር ይጠይቅ ነበር፦ ጥቃቱ ሕገ ወጥና የተቃረበ እንዲሆን፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል እንዲሆን፣ መከላከሉም ከአደጋውና ሊድን ከተፈለገው ጥቅም ጋር እንዲመጣጠን። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 ይህንኑ መብት ይጠብቃል፦ በራስ ወይም በሌላ ሰው መብት ላይ የተሰነዘረን ወይም ሊሰነዘር የተቃረበን ሕገ ወጥ ጥቃት ለመመለስ የተደረገ ድርጊት፣ ለመመለስ ከሚያስፈልገው መጠን ካላለፈ አያስቀጣም። ሚዛኑ የተንጠለጠለው «ከሚያስፈልገው መጠን» በሚለው ላይ ነው። በአንጻሩ የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ በ1997፣ በፈረንጅ 2005፣ ያወጣችው ሕግ ሕጋዊ በሆነ ቦታ የቆመ ሰው ከመተኮሱ በፊት ማፈግፈግ አይጠበቅበትም ይላል፤ ብዙ ግዛቶችም ተከትለዋታል። የኢትዮጵያ ሕግ ስለ ማፈግፈግ በስም አያነሣም፤ የሚጠይቀው ያ ምት በዚያች ቅጽበት ያስፈልግ ነበር ወይ ብሎ ነው።

ነገሩ በምሳሌ ይታያል። ምሽት አራት ሰዓት ነው እንበል፤ አዲስ አበባ ውስጥ 18 ማዞሪያ ላይ የታክሲው ሰልፍ ተመናምኗል፤ አንድ ባለሱቅ የብረት መዝጊያውን እያወረደ ነው። ሁለት ወጣቶች ይጠጉታል፤ አንደኛው ጩቤ ይመዛል፤ ሌላው እጁን ወደ ገንዘብ ሣጥኑ ይሰዳል። ባለሱቁ መዝጊያውን የሚያወርድበትን ዘንግ አንሥቶ የጩቤውን እጅ ይመታል፤ ጩቤው ይወድቃል። እስከዚህ ያለው አንቀጽ 78 ነው። ልጁ ተንበርክኮ ክንዱን ይዞ ሳለ ባለሱቁ በድንጋጤ ራሱን ደግሞ ቢመታው ነገሩ ወደ አንቀጽ 79 ይገባል፤ መጠኑ ታልፏል፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያለ ገደብ ያቀላል፤ ማለፉ የመጣው ጥቃቱ ካሳደረበት ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም መረበሽ ከሆነም ምንም ላይቀጣው ይችላል። ልጁ ግን ተነሥቶ ሲሮጥ ባለሱቁ አሳዶ ከኋላው ቢመታውስ? ያኔ የሚመለስ ጥቃት የለም፤ የቀረው ቂም ነው።

በዚያች ሰዓት «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ከጀበና ቡናው፣ ከሊስትሮው፣ ከታክሲው ሰው ይሮጣል፤ ድንጋይ ይነሣል። ይህ ሁሉ ሰው መልካም የሠራ ይመስለዋል። በሕግ ዓይን ግን እጅ ከፍንጅ የተያዘን ወንጀለኛ ማንም ሰው ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል፤ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50 ይህን ፈቅዷል። መሬት ላይ የወደቀን ሰው መደብደብ ግን ከመያዝም ከመከላከልም ውጭ ነው፤ ልጁ ቢሞት ድንጋይ የወረወረው ሁሉ በግድያ ሊጠየቅ ይችላል። በየሰፈሩ አንዳንዴ የሚታየው ይህ ነገር ከማንኛውም ያልተመዘገበ ሽጉጥ ያላነሰ ያሳስባል።

ሞት ሲከተል ቅጣቱ ሰፊ ርቀት አለው። በአንቀጽ 539 ከባድ ግድያ በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ያስቀጣል። በአንቀጽ 540 የሚወድቀው ግድያ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል። ከሕጋዊ መከላከል ወሰን በማለፍ የተፈጸመ ግድያ ግን በአንቀጽ 541 ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ነው የሚታየው። ከሃያ ዓመት እስከ ነጻ መውጣት ያለውን ልዩነት የሚወስነው እንግዲህ የጥቂት ሰከንዶች ታሪክ ነው፤ ያን ታሪክ ፍርድ ቤት የሚያነበውም ከጥቃቅን ነገር ነው፦ ጩቤው የወደቀው ከሱቁ ደፍ ውስጥ ነው ወይስ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ጎረቤቱ መጀመሪያ የሰማው የቱን ጩኸት ነው፣ ቁስሉ ያለው ከፊት ነው ወይስ ከጀርባ።