ተጨማሪ መረጃ፦ ሙፈሪያት ካሚል እና የወንበሩ ክብደት

«አፈ ጉባኤ» ማለት የጉባኤው አፍ ማለት ነው፤ ማዕረጉ የሴት መጠሪያ እንኳን አልተበጀለትም። ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ሙፈሪያት ካሚል በሂጃብ ተሸፍነው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአፈ ጉባኤነት ወንበር ላይ ሲቀመጡ ለሴት የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት ያኔ የደቡብ ክልልን ያስተዳድር የነበረው ፓርቲ፣ የደኢሕዴን፣ ሊቀ መንበር ሆኑ። ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የሰላም ሚኒስትር ተባሉ። ከ20ዎቹ የካቢኔ አባላት 10ሩ ሴቶች የሆኑት፣ የአፋሯ አይሻ መሐመድም የመጀመሪያዋ ሴት መከላከያ ሚኒስትር የሆኑት ያን ጊዜ ነው።

የሙፈሪያትን ሹመት ለታይታ ነው የሚሉ አሉ፤ ምክር ቤቱ በ2007ቱ ምርጫ በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ ብቻ የተሞላ ስለነበር መራጩ ሳይሆን ፓርቲው ነው የመረጣቸው ይላሉ። ክርክሩ ውሃ ያነሣል፤ ግን ከእሳቸው በፊት የነበሩትን ወንዶችም የሾመው ያው ፓርቲ ነው፣ በእነሱ ላይ ማን «ለታይታ» አለ? ለታይታ የሚሾም ሰው ደግሞ ያኔ ፌዴራል ፖሊስና ብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ተጠሪ የነበሩለት እንደ ሰላም ሚኒስቴር ያለ መሥሪያ ቤት አይሰጠውም። በእርግጥ ሚኒስቴሩ በአገሪቱ የነበሩትን ግጭቶች አላስቆመም፤ ይህ ግን የሥራ ግምገማ እንጂ የሹመቱን ክብደት የሚያቀል አይደለም። መስከረም 2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።